ረቡዕ ማታ በታኮማ ፓርክ፦ የትንሽ ከተማ አስተዳደር እንዴት ነው የሚሠራው?

አገር ቤት ሳለን ቀበሌ የምንሄደው ወይ ስንጠራ ነው ወይ ወረቀት ስንፈልግ። መታወቂያ ለማሳደስ፣ ያላገባ ማስረጃ ለማውጣት፣ ስብሰባ አለ ተብሎ በር ሲንኳኳ። አሜሪካ ስንመጣ ማንም በራችንን አያንኳኳም። ስለዚህ ብዙዎቻችን በአንድ ከተማ አሥር፣ ሃያ ዓመት ኖረን ምክር ቤቱ የት እንደሚሰበሰብ እንኳ አናውቅም። እኔም ለብዙ ዓመታት አላውቅም ነበር። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሆን ቴሌቪዥን ከፍተን እናነጋለን። የቤት ኪራያችን በዓመት ስንት ሊጨመር እንደሚችል ማን እንደሚወስን፣ በረዶውን ከመንገዳችን ማን እንደሚጠርግ ግን አንጠይቅም።

ይህን ለማስረዳት አንዲት ከተማ መርጫለሁ፤ ሜሪላንድ ያለችውን ታኮማ ፓርክን። በውስጧም በዙሪያዋም ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ትንሽ ስለሆነች አሠራሯ በግልጽ ይታያል። ደግሞም ለእኛ ለስደተኞች፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ነገር አላት። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ታኮማ ፓርክ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር ትጋራለች። የሜትሮው ታኮማ ጣቢያ በዲሲ በኩል ነው፤ ከዚያ ጥቂት ከተራመዳችሁ ሜሪላንድ ገባችሁ። በ1883 የባቡር ሐዲዱን ተከትላ ተቆረቆረች፣ በ1890 በሕግ ከተማ ሆነች። በ2020 ቆጠራ 17,629 ሰው ነበራት። አገር ቤት ካሉ የወረዳ ከተሞች ብዙዎቹ ይበልጧታል።

መጀመሪያ አንድ ብዥታ እናጥራ። ጎረቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አይደለችም። ትልቅ ናት፣ ፎቅ በፎቅ ናት፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በየመንገዱ አለባት፤ ግን ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም። በቀጥታ የሚያስተዳድራት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት ከከተማ በላይ፣ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው። ታኮማ ፓርክ ግን በካውንቲው ውስጥ ሆና የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ቤተ መጻሕፍት አላት። ስለዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚኖር ጓደኛችሁ አቤቱታውን የሚያቀርብበት ቦታ ከእናንተ ሊለይ ይችላል። «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው» የሚል ሰው እንኳ አንዳንዴ በሕግ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ ሆኖ ይገኛል፤ የፖስታ አድራሻና የከተማ ወሰን አንድ አይደሉምና። አድራሻችሁ የየት እንደሆነ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ከተማዋ ሁሉን ነገር አትሠራም። ትምህርት ቤቱ የካውንቲው ነው። እሳት አደጋም እንዲሁ። ውሃና ፍሳሽ ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ የሚባል ድርጅት ነው የሚያቀርበው፤ መብራት ፔፕኮ። መንገዱ ደግሞ ተከፋፍሏል። ብዙዎቹ የሰፈር ውስጥ መንገዶች የከተማዋ ናቸው፤ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑና ካሮል አቬኑ ግን የሜሪላንድ ስቴት መንገዶች ናቸው። ካሮል ላይ የአስፋልት ጉድጓድ ጎማችሁን ቢበላው ከከንቲባዋ ጋር ብትጣሉ ምንም አይገኝም። ከተማዋ ለስቴቱ ታሳውቅላችሁ ይሆናል፤ መጠገን ግን የስቴቱ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚማረረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቢሮ «የእኛ አይደለም» ሲለው ሆን ብለው የሚያመላልሱት ይመስለዋል። በካውንቲው ሥር ላለ ነገር 311 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ማን ዘንድ እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንግባ።

ከተማዋ በ6 ዋርድ ተከፍላለች። ዋርድ ማለት በእኛ ቀጠና እንደምንለው ነው። እያንዳንዱ ዋርድ አንድ የምክር ቤት አባል ይመርጣል፤ ከንቲባውን ከተማው በሙሉ ይመርጣል። ስለዚህ ውሳኔ የሚያሳልፉት 7 ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው።

ከንቲባ ሲባል አገር ቤት የምናውቀው፣ ሁሉን የሚያዝ ሰው በአእምሯችን ይመጣል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ከንቲባው ስብሰባውን ይመራል፣ እንደ ሌሎቹ ድምፅ ይሰጣል፣ ከተማውን ወክሎ ይናገራል። የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ግን ምክር ቤቱ የሚቀጥረው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ክፍሎቹን የሚቆጣጠረው፣ የበጀት ረቂቁን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። በአጭሩ ምክር ቤቱ «ይህ ይሁን» ይላል፣ ሥራ አስኪያጁ ያስፈጽማል። በሁለቱ መካከል የከተማው ክለርክ አለ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ሰነድ የሚጠብቀው፣ ምርጫ የሚያስተባብረው ይህ ቢሮ ነው። ስሙ ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ነገር ፈልጋችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ከጠፋችሁ፣ መጀመሪያ ክለርኩ ዘንድ ሂዱ።

ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ማታ ሜፕል አቬኑ ላይ ባለው የከተማው ማኅበረሰብ ማዕከል ይካሄዳል። መጀመሪያ የሄድኩ ማታ ክርክር ጠብቄ ነበር። ጸሐፊዋ አንድ ረጅም ዝርዝር አነበበች፣ አንዱ «እደግፋለሁ» አለ፣ ሁሉም እጅ አወጡ፣ አለቀ። ምን እንደተወሰነ አልገባኝም። «ይሄ ለይስሙላ ነው» ብዬ ወጣሁ። ተሳስቼ ነበር። ነገሩን ያገኘሁት መጨረሻው ላይ ነበር፤ ሥራው ያለቀው ከወራት በፊት ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። ከተማዋ አዲስ የቆሻሻ መኪና መግዛት ፈለገች እንበል። አሮጌው ጋራዥ እየተመላለሰ አስቸግሯል። የሕዝብ ሥራዎች ክፍል ይህን ለሥራ አስኪያጁ ያመለክታል። ሥራ አስኪያጁ ካመነበት በበጀት ረቂቁ ያስገባዋል። ረቂቁ በኤፕሪል ወደ ምክር ቤቱ ይመጣል። አባላቱ ለብዙ ማታ ተቀምጠው ክፍል በክፍል ያዩታል፤ «ይሄ ለምን በዛ? ያኛው ለሚቀጥለው ዓመት ቢቆይስ?» ይላሉ። ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ይያዛል። ሜይ ላይ በጀቱ ይጸድቃል፣ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል። (የአገር ቤቱ የበጀት ዓመትም ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፤ በፈረንጅ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። በአንድ ሳምንት ብቻ ነው የምንለያየው። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የበጀት መዝጊያን ሩጫ ያውቀዋል።) ከዚያ ከሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል፣ ሻጩ ይመረጣል፣ በመጨረሻ ውሉ እንደገና ወደ ምክር ቤቱ ይመጣል።

ያኔ ነው ያ ረጅም ዝርዝር የሚነበበው። «ኮንሴንት አጀንዳ» ይሉታል። የማያከራክሩ ጉዳዮች በአንድነት ታስረው በአንድ ድምፅ የሚያልፉበት ነው። መኪናው በአንድ ደቂቃ ጸደቀ። ግን ገንዘቡ የተፈቀደው ሜይ ላይ ነው፣ የታሰበው ደግሞ ከዚያም በፊት በበረዶው ወራት። ማንኛውም አባል «ይህችን አውጡልኝ፣ ልንወያይባት እፈልጋለሁ» ካለ ከጥቅሉ ትወጣለች። ስለዚህ የሚያሳስባችሁ ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ ከስብሰባው በፊት ለዋርዳችሁ አባል አንድ ኢሜይል መጻፍ ለውጥ ያመጣል። ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ግን ይከብዳል።

ዝርዝሩን አስቀድሞ ማየት ደግሞ መብታችሁ ነው። የሜሪላንድ የስብሰባዎች ግልጽነት ሕግ አጀንዳው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለሕዝብ እንዲገለጽ ያዛል። ዝግ ስብሰባ የሚፈቀደው በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ሠራተኛ የግል ጉዳይ፣ ከጠበቃ ጋር ምክክር፣ ወይም ዋጋው ሊንር የሚችል የመሬት ግዢ። ከዚህ ውጪ በሩ ክፍት ነው። ዜግነትም ፓስፖርትም የሚጠይቃችሁ የለም። ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ በቃ።

ደንብ ሲወጣ ነገሩ ከግዢ ይለያል። ቋሚ የከተማ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀርበው። በአንዱ ማታ «የመጀመሪያ ንባብ» ይባላል፤ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ግን ገና አልጸናም። በሌላ ቀን «ሁለተኛ ንባብ» ይመጣል፤ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው። በመካከል ያለችው ጊዜ የነዋሪው ናት። የምክር ቤት አባል ሐሳቡን ሲቀይር፣ አንቀጽ ሲስተካከል ያየሁት ሁልጊዜ በዚህች ክፍተት ነው።

ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ፣ ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። የሚኖርበት ከተማ የንግድ ታርጋ ያለው መኪና ሌሊት በሰፈር መንገድ እንዳይቆም ደንብ አወጣ። እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ቅጣት መስታወቱ ላይ ሲያገኝ ነው። ቃለ ጉባኤውን አብረን ፈልገን አነበብነው። ሁለቱም ንባብ ላይ ከታክሲ ነጂዎች አንድም ሰው አልተናገረም። ደንቡን የደገፉ ሁለት ነዋሪዎች ግን ተናግረዋል። ምክር ቤቱ የሰማውን ወሰነ። በዚያ ከተማ ብዙ ሐበሻ ታክሲ ይነዳል፤ አንድ ሰው እንኳ ቢሄድ ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

የከተማዋን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያዋን፣ መቀየር ከዚህም ይጠብቃል። በሜሪላንድ ሕግ ምክር ቤቱ ያጸደቀው የቻርተር ማሻሻያ በ50ኛው ቀን ነው የሚጸናው። በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ከመራጩ 20 በመቶ ከፈረመ ጉዳዩ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ይሄዳል።

ስለ ቤት ኪራይ ላንሳ፣ ምክንያቱም በጣም የሚነካን እሱ ነው። ታኮማ ፓርክ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ደንብ አላት። ደንቡ በሚሸፍናቸው አፓርታማዎች አከራዩ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይችልም። የሚጨምረውም ከተማዋ በየዓመቱ ከምታወጣው ጣሪያ ሳያልፍ ነው፤ ጣሪያው የሚሰላው በአካባቢው የዋጋ ንረት ነው። ሁሉንም ቤት ግን አይሸፍንም። ለምሳሌ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው በዚህ ከለላ ሥር አይደለም። አዲስ ውል ሲመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለከተማው የቤቶች ክፍል ደውላችሁ «ቤቴ በደንቡ ይሸፈናል ወይ? የዘንድሮው ጣሪያ ስንት ነው?» በሉ። ሁለት ጥያቄ ነው። መልሱን ይዛችሁ ከአከራዩ ጋር ስትነጋገሩ ንግግሩ ሌላ ይሆናል።

ዛፍ መቁረጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ብዙ ሐበሻ አያምንም። ቤቱን የገዛሁት እኔ፣ ግቢው የእኔ፣ ዛፉ የእኔ! ሆኖም የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንች፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ያለ ከተማዋ ፈቃድ አይቆረጥም። ቤት የገዛችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፤ ቅጣቱ ደስ አይልም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ዋናው ምንጭ የቤትና የመሬት ግብር ነው። የቤቱን ግምት የሚያወጣው ከተማዋ ሳትሆን ስቴቱ ነው፤ በየ3 ዓመቱ። ከተማዋ የምትወስነው ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት ስንት ሳንቲም እንደሚከፈል ነው። ሂሳቡ ከካውንቲው ጋር በአንድ ቢል ስለሚመጣ የትኛው የማን እንደሆነ ብዙ ሰው አይለየውም። ቢሉን ዘርጉት፣ የከተማዋ ድርሻ ለብቻው ተጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ምክር ቤቱ «የግብሩን መጠን አልጨመርንም» ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ነው። ግን የቤታችሁ ግምት ከወጣ የምትከፍሉት ይጨምራል። የሜሪላንድ ሕግ ይህን አይቶታል። ከተማ ከነባሩ ንብረት ካለፈው ዓመት የበለጠ ግብር የሚያስገባላትን መጠን ልትወስን ስትል፣ አስቀድማ በግልጽ አስታውቃ ሕዝብ እንዲናገርበት ማድረግ አለባት። ያ ማስታወቂያ ጸደይ ላይ ይወጣል። «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል ካለ፣ አከራዩ ግብሩን ከኪሱ ብቻ እንደማይከፍል ያስብ።

አሁን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ወዳልኩት። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ዜጋ ያልሆነ ሰው በከተማው ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል።

ታሪኩ የጀመረው ከ1990 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ነው። ዋርዶቹ እኩል ሕዝብ እንዲኖራቸው ወሰናቸው እንደገና ሲሰመር አንድ ነገር ታየ። የሕዝቡ ቁጥር እኩል ነው፣ የመራጩ ቁጥር ግን በጣም ይለያያል። ስደተኛ በበዛበት ዋርድ ድምፅ መስጠት የሚችለው ጥቂት ነበር። ግብር የሚከፍል፣ ልጁን እዚያ የሚያሳድግ ሰው ለከተማው ድምፅ አልባ ሆኗል። በኖቬምበር 1991 ነዋሪው ተጠየቀ። 1,199 ሰው ደገፈ፣ 1,107 ተቃወመ። ልዩነቱ 92 ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ምክር ለመጠየቅ ነበር እንጂ አስገዳጅ አልነበረም። ምክር ቤቱ ግን በ1992 መጀመሪያ ቻርተሩን አሻሻለ። ዛሬ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የሆነው ጄሚ ራስኪን ያን ጊዜ የሕግ መምህርና የከተማዋ ነዋሪ ነበር፤ ለዚህ ከተሟገቱት አንዱ ነው። በ2013 ደግሞ ከተማዋ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ አደረገች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። እናት በግሪን ካርድ፣ የ16 ዓመት ልጇ በዜግነት፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ለከንቲባ ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ። እኔ ይህን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ግን በጣም ተጠንቀቁ። ይህ መብት ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርረውም ይችላል። ከ2020 ጀምሮ የከተማው ምርጫ ከአገር አቀፉ ጋር በአንድ ወቅት ስለሚካሄድ መምታታት ቀላል ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ የምትመዘገቡት በከተማው ክለርክ ዘንድ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ልታሳድሱ ስትሄዱ «መራጭ ሆነህ ልመዝግብህ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ «አይ» ነው። የተመዘገባችሁበትን የከተማውን ወረቀት አስቀምጡ። የዜግነት ማመልከቻ ስለ ምርጫ የሚጠይቅ ጥያቄ ስላለው፣ ከመሙላታችሁ በፊት ለስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አሳዩት።

ድምፅ መስጠት ካልቻላችሁ፣ ወይም ስጋቱ ከከበዳችሁ፣ መናገር ግን ለሁሉም ይፈቀዳል። በስብሰባው ለነዋሪ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው። 3 ደቂቃ አጭር ይመስላል፤ ተዘጋጅቶ ለሄደ ይበቃል። እንግሊዝኛችሁ ካሳፈራችሁ ጽፋችሁ አንብቡት፣ ወይም ቀደም ብላችሁ ለክለርኩ ላኩት፤ ለአባላቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ስማችሁንና ዋርዳችሁን ተናገሩ። ቀጥሎ አጀንዳው ላይ ያለውን ጉዳይ በስሙ ጥሩ። ከዚያ በእናንተ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው፤ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሆነ። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፦ «ሁለተኛው ንባብ ላይ ይህች አንቀጽ እንድትወጣ እጠይቃለሁ»። ወዲያው መልስ አይሰጧችሁም፤ በዚያ ሰዓት መስማት ብቻ ነው የአሠራሩ ደንብ። ቅር አይበላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ለዋርዳችሁ አባል ኢሜይል ጻፉና «ትናንት የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ምን አሰባችሁ?» በሉ።